ደንበኛ የማይመለስለት አናጢ

ሳጥኔ የሚባለውን አናጢ ዘወትር የሚያበሳጨው አንድ ነገር ነበር፤ ደንበኞቹ አይመለሱም። ሥራውን ጠልተው አይደለም። ሥራውን የነቀፈ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሊገኝም አይችልም። ሳጥኔ የሚሠራው የሬሳ ሳጥን ነው።

እናቱ ያወጣችለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ትንሹም ትልቁም «ሳጥኔ» ነው የሚለው፤ እሱም አቤት ይላል። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ድምፁ ከመላጊያው ድምፅ የማይበልጥ ሰው ነው። ሰው ሲያገኝ የመጀመሪያ ሥራው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር አንድ ጊዜ ማየት፣ ቀጥሎ ትከሻውን ማየት ነው። ክፋት የለበትም፤ የሙያ ልማድ ነው። ሐኪም ምላስ፣ ጫማ ሰፊ እግር እንደሚያየው ማለት ነው። ሰው ግን አይወድለትም። መንገድ ላይ ሲያገኙት ትከሻቸውን ሰብሰብ የሚያደርጉ አሉ። ጉንፋን የያዛቸው ደግሞ ሳላቸውን ውጠው ያልፉታል።

ሱቁ በስተቀኝ ከፀጉር ቤት ጋር ትዋሰናለች። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ ሳጥኔ ቀኑን ሙሉ የፀጉር ቆራጩን ደንበኞች ሲሰማ ይውላል።

«አንተ! ጆሮዬን ነካኸው እኮ!»

«ያለፈው ጊዜ የቆረጥከኝን አየኸው? ሚስቴ እስካሁን እየሳቀች ነው።»

«ከኋላ ደረጃ ሠርተህብኛል፤ ሰው ሊወጣበት ነው?»

ፀጉር ቆራጩ ይምላል፣ ይገዘታል፣ ያባብላል። ደንበኛው እየተሳደበ ይሄዳል፤ ፀጉሩ ሲያድግ እየተሳደበ ይመለሳል። በስተግራ ያለው ጫማ ሰፊም ያው ነው። ጫማ ይዞ ለመጣ ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ «ነገ ተመለስ»። በነጋታውም ሰው ተመልሶ ይጮኽበታል፤ እሱም «ነገ ተመለስ» ይለዋል።

ሳጥኔ ይቀና ነበር። ሌላ ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፤ ሳጥኔ የሚቀናው በስድባቸው ነው። እሱ በሙያው «ነገ ተመለስ» ብሎ አያውቅም፤ የሱ ሥራ ለነገ አይባልም። ጣውላውን ያለሰልሳል፣ ማዕዘኑን ያስተካክላል፣ ውስጡን ሚስቱ በነጭ ጨርቅ ትለብጥለታለች፤ ከዚያ ሥራው አፈር ይገባል። ደኅና ይሁን መጥፎ የሚነግረው የለም። «ጎኔን ወጋኝ» ያለው የለም። «ተመቸኝ» ያለውም የለም።

«አንድ ሰው» ይላል አንዳንዴ ለሚስቱ። «አንድ ሰው ብቻ ተመልሶ ቢመጣ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ክፉ አትመኝ!» ትላለች እሷ። «ተመልሶ ቢመጣ መጀመሪያ የምትሮጠው አንተ ነህ።»

አንድ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሱቁ በር ላይ ቆመች። ማረፊያዋ መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው፣ ሰፊ ሣር ያለው ግቢ ነው። ሳጥኔ እንዳያት ቆቡን አወለቀና አንገቱን ደፋ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» አለ።

«ማን ሞተ?» አለች ክው ብላ።

«እኔ እንጃ። የመጡት እርስዎ ነዎት።»

«ማንም አልሞተም! ወንበር ላሠራ ነው የመጣሁት።»

ሳጥኔ መላጊያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ወንበር? በሕይወት ላለ ሰው?»

«ታዲያ ለማን ሊሆን ነው?»

ከቦርሳዋ የታጠፉ ወረቀቶች አወጣች። አንድ እንግዳ ትቶላት የሄደው ንድፍ ነው። ለግቢ የሚሆን፣ ከእንጨት የሚሠራ መንጋለያ ወንበር፤ መቀመጫው ርብራብ፣ መደገፊያው ወደ ኋላ የሚዘነብል፣ ክንድ ማሳረፊያው ሰፊ። የቤት ዕቃ የሚሠሩት አናጢዎች በሙሉ በበርና በመስኮት ተወጥረው «ነገ ተመለሺ» ሲሏት ሰልችቷታል።

«አንተም ያው እንጨት ነው የምትቆርጠው» አለች። «መጀመሪያ አንድ ብቻ ሥራልኝ። ግቢ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። እንግዶቼ ከተቀመጡበትና ከወደዱት የግቢዬን ወንበር ሁሉ አንተ ትሠራለህ። ካልተቀመጡበት ወደ ሳጥንህ ትመለሳለህ፤ እኛም አንቀያየምም።»

እሷ ከሄደችም በኋላ ሳጥኔ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሰው የሚቀመጥበት ነገር! ተቀምጦበት የሚነሣበት! ተነሥቶ እዚህ ድረስ መጥቶ «አንተ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ሊለው የሚችል ሰው!

«ሰማሽ?» አለ።

«ሰማሁ» አለች ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «እንደ ወረቀቱ ሥራና ተገላገል።»

እንደ ወረቀቱ ቢሠራ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሳጥኔ ግን ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ባየው ቁጥር አንድ ጉድለት ያገኝበት ጀመር።

«ወለሉ ክፍተት አለው» አለ።

«የዝናብ ውሃ እንዲያልፍ ነው።»

«ጎኑም ክፍት ነው። ሰው ተንሸራቶ ቢወድቅስ?»

«ሰው ከወንበር ለምን ይወድቃል?»

«ክዳንም የለውም።»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ክዳን ያለው ወንበር የት ነው ያየኸው?»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ዝናብ ቢመጣማ ሰውየው ተነሥቶ ቤት ይገባል።»

ሳጥኔ አሰበ። ደንበኛው ተነሥቶ ቤት ሲገባ አይቶ ስለማያውቅ ነገሩ አልመጣለትም ነበር።

«እሺ እሱ ይሁን» አለ። «ልኩስ? ይሄ ወረቀት አንድ ልክ ነው የሚሰጠው። የማን ልክ ነው?»

«የሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም» አለ ሳጥኔ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ። በሙያው አንድ የማይነካ ሕግ አለ፤ ያልተለካ ሰው አይሠራለትም። ስለዚህ ልክ ለመውሰድ ወደ እንግዳ ማረፊያው ሄደ።

ሜትር አላስፈለገውም፤ ዓይኑ ይበቃዋል። በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቆመና የሚወጣውን የሚገባውን እንግዳ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥሎ ትከሻ ለትከሻ፣ እያየ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። አንድ ወፍራም ነጋዴ ጥርሱን እየፋቀ ወጣ። ሳጥኔ አየው፣ ደግሞ አየው፤ ከዚያ ለራሱ «ሰፋ ማለት አለበት» ብሎ አጉረመረመ።

ነጋዴው መፋቂያው አፉ ውስጥ እንዳለ ዘበኛውን ጠየቀ። «ያ ሰውዬ ማነው?»

«እሱማ ሳጥኔ ነው። የሬሳ ሳጥን ሠሪው።»

«ታዲያ እኔን ምን ያየኛል?»

ዘበኛው ነገር ማሳመር አይችልም። «ልክ እየወሰደ ይመስለኛል» አለ።

ነጋዴው ቁርሱን እንኳ አልበላም፤ ሻንጣውን ሳይዘጋ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄደ። ሳጥኔም በበኩሉ ደስ ብሎት ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ ልኩ በጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

አሁን የቀረው እንጨት ነው። ሰፊ፣ በደንብ የደረቀ ጣውላ ያስፈልጋል፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ገና እርጥብ ነበር። ከአንዱ በቀር። እሱ ጥግ ላይ በቁሙ የተገተረው የእማማ ስንብት ሳጥን ነው።

እማማ ስንብት የባለ ማረፊያዋ አክስት ናቸው። በማረፊያው የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ለዓመታት «ልሞት ነው» እንዳሉ ናቸው። ማታ ማታ በከዘራቸው ተደግፈው ይወጡና ግቢ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ፣ እንግዳውንም ዘበኛውንም ድመቷንም፣ ይሰናበታሉ። «በሉ ልጆቼ፣ ደኅና ሁኑ። ነገ አታገኙኝም» ይላሉ። በነጋታው ቁርስ ላይ ይገኛሉ። ሳጥናቸውን ራሳቸው ናቸው ያሠሩት፤ ጣውላውንም መርጠዋል። በአንደኛው ጣውላ ላይ ቅርንጫፍ የነበረበት ጠቆር ያለ ክብ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠቅስ ሰው ይመስላል። «ይህቺ በራስጌዬ በኩል ትሁን» ብለው ነበር። «ብቻዬን አልሆንም።» የእህታቸው ልጅ ደግሞ «እንግዳ ያስበረግግብኛል» ብላ ሳጥኑን ግቢዋ ስላላስገባችው ሳጥኔ ዘንድ ቀረ፤ የሳጥኔ ሚስት ጥቅል ጨርቆቿን ታስቀምጥበታለች።

ሳጥኔ መዶሻውን ይዞ ሳጥኑ ፊት ቆመ።

«እንዳታስበው!» አለች ሚስቱ።

«ሌላ እሠራላቸዋለሁ። ከዚህ በተሻለ እንጨት።»

«ዛሬ ቢሞቱስ?»

«ዛሬማ አይሞቱም። ትናንት ነው እሞታለሁ ያሉት» አለና የመጀመሪያውን ሚስማር ነቀለ።

ወንበሩ ሲያልቅ ሳጥኔና ፀጉር ቆራጩ ፊትና ኋላ ሆነው ተሸከሙት። ፀጉር ቆራጩ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ነበር የሚሄደው፣ ምክንያቱም በሚያልፉበት ሁሉ ሰው ኮፍያውን እያወለቀ ዳር ይይዝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ተከትላቸው ማልቀስ ጀመረች።

«ማን ነው?» አለች እያነባች።

«ወንበር ነው!» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ወይኔ! እንዲህ በድንገት!» አለችና ለቅሶዋን ቀጠለች።

ባለ ማረፊያዋ ወንበሩን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳጥኔ ንድፉን አሻሽሎት ነበር። ወገቡ ላይ የሚዘነብል መደገፊያ አለው፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን በትከሻ በኩል ሰፍቶ በእግር በኩል ይጠባል። ግራና ቀኙ በረጅም ጣውላ ተዘግቷል፤ ውስጡ በነጭ ጨርቅ ተለብጧል። ከላዩ በማጠፊያ የተያዘ ክዳን ተከፍቶ ቆሟል፤ ጎኖቹ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቁ እጀታዎች ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መንጋለያ ወንበር ነዋ።»

«ክዳኑስ?»

«ለፀሐይ።»

«እጀታዎቹስ?»

«ለመሸከም እንዲመች። ስድስት ሰው ቢይዘው…»

«አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር ስድስት ሰው ምን ቆርጦት ይሸከመዋል!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። በረንዳ ላይ የነበሩት እንግዶች በራቸውን ዘጉ። «ስማ ሳጥኔ። አንዱን እንግዳ በዓይንህ ብቻ አባረህብኛል። እሑድ ቤቱ ይሞላል። ወንበር የሚመስል ወንበር ይዘህ ከመጣህና አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ወዶ ከተቀመጠበት፣ ቃሌ ቃል ነው። ካልሆነ እኔ ሳልሞት በሬን እንዳትረግጥ።»

ሲመለሱም ሰዉ ኮፍያውን አወለቀ።

ሳጥኔ ወንበሩን ሱቁ መሀል አስቀምጦ ቁጭ አለ። ወንበሩ ላይ አይደለም፤ ወለሉ ላይ ነው። ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ተቆጥታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ቁጣዋ በረደ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ከሠራኸው ነገር ላይ አንድ ቀን ተቀምጠህ ታውቃለህ? ተኝተህበትስ?»

«ምነው! ምን በደልኩሽ?»

«ወንበር ነው ያልከው እኮ። በል ግባበት።»

ሳጥኔ ጫማውን አውልቆ ገባ። በልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ አለ። ተመቸው። ጥቂት ቆየና አፍንጫውን አሳከከው። ሊያክ ሲል ክርኑ ጎኑ ካለው ጣውላ ጋር ተላተመ። ጉልበቱን ላጥፍ ሲል ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። እግሩን ላነባብር ቢል እግሩ በጠባቡ በኩል ተሰንቅሮ ቀረ። የመቀመጫው ጠርዝ ከጉልበቱ በታች እንደ ቢላ ያዘው። ሊነሣ ሞከረ፤ አልተነሣም።

«ሰው ይነቃነቃል ለካ!» አለ ከውስጥ።

ለካስ የሱ ደንበኞች አይነቃነቁም ነበር። አያኩም፣ እግር አያነባብሩም፣ ጎናቸውን አይቀይሩም። ሳጥኔ ለክርን የሚሆን ቦታ ትቶ አያውቅም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅማ።

በዚህ መሀል ፀጉር ቆራጩ ሊያጽናናው ብቅ አለ። ጎረቤቱን በነጭ ጨርቅ መሀል ተጋድሞ ሲያየው ማበጠሪያው ከእጁ ወደቀ። «ውይ ጎረቤቴ! ውይ ወንድሜ! በንዴት ሞተ እኮ!»

«አልሞትኩም። ክርኔን ይዞኝ ነው» አለ ሳጥኔ።

ፀጉር ቆራጩ ትንፋሹን ሰበሰበና ዙሪያውን አየው። «ቢያንስ ልክህ ነው» አለ። «በል አሁን እጅህን አምጣ።»

ጎትተው አወጡት። ከወገቡ ቀና ሳይል በቀጥታ መጋዙን አነሣ።

አሁን ወረቀቱን እንደ ሰው አነበበው። ክዳኑን ነቀለ፣ እጀታዎቹን ፈታ፣ የጎኑን ጣውላ ሰንጥቆ ርብራብ አደረገው። በየጣውላው መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተወ። ጠርዙን በመላጊያ አድቦለቦለ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ለመደገፊያው ከኋላ ጥርስ አወጣለት፤ ዘንጉን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲያሳልፉት ቀና ወይም ዘንበል ይላል። አንድ እንጨት ቆርጦ በገጠመ ቁጥር እየወጣ ይቀመጥበታል፣ ያካል፣ እግሩን ያነባብራል፣ ይነሣል። ሚስቱንም ያስቀምጣታል፤ ፀጉር ቆራጩንም ደንበኛውን ከነአረፋው ትቶ እንዲመጣ ያደርገዋል።

ከራሱም አንድ ማሻሻያ ጨመረ። በንድፉ ላይ መቀመጫው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር፤ እግሮቹን አረዘማቸው። ክንድ ማሳረፊያውንም ፊቱ ላይ ሰፋ አድርጎ ተደግፎ ለመነሣት እንዲያመች አድርጎ ሠራው።

«ይሄ ለምን?» አለች ሚስቱ።

«የሚቀመጥ ሰው መነሣትም ይፈልጋል» አለ ሳጥኔ፣ ትልቅ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ። ሚስቱ ልትስቅ ብላ ተወችው።

ያቺ የምትጠቅሰው ዓይን ያለችበትን ጣውላ ለቀኝ ክንድ ማሳረፊያ አደረጋት። ጠንካራ ነበረች፤ ትቷት ማለፍም አልሆነለትም።

እሑድ ግቢው ሞላ። ወንበሩ ሣሩ መሀል ለብቻው ተቀምጧል፤ ቫርኒሹ በፀሐይ ያበራል። እንግዶቹ ዙሪያውን ይሄዳሉ እንጂ አይጠጉትም። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«አማረ» ይላል አንዱ።

«ታዲያ ተቀመጥበታ!»

«አንተ ቅደም። እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እኔስ? የኔዎቹ ገና ሊወለዱ ነው!»

ሳጥኔ ከአበባው ጀርባ ተደብቆ ቆሟል። ዓይኑን እንግዶቹ ላይ እንዳይጥል ፀጉር ቆራጩ መሬት መሬቱን እንዲያይ አዞታል። ባለ ማረፊያዋ ራሷን ትነቀንቃለች። ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር እንግዶቹ አንድ አንድ እያሉ ወደ በረንዳው ሄዱ፤ ወንበሩ ብቻውን ቀረ። ሳጥኔም በልቡ ወደ ሳጥኑ ሊመለስ ተነሣ።

በዚህ ጊዜ እማማ ስንብት ከክፍላቸው ወጡ። የስንብታቸው ሰዓት ደርሷል። ከዘራቸውን እየተከሉ ሣሩ መሀል ድረስ መጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ ልጆቼ፣ ደኅና…» ብለው ሲጀምሩ ጉልበታቸው ዛለባቸው። እጃቸው አጠገባቸው ያለውን ነገር ያዘ፤ የያዙትም ወንበሩን ነበር። ምን እንደሆነ እንኳ ሳያዩ ዘፍ አሉበት።

እንግዶቹ ከበረንዳው አንገታቸውን አሰገጉ።

እማማ ስንብት ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ቀኝ እጃቸውን ክንድ ማሳረፊያው ላይ አሳረፉ። ጣታቸው አንድ ነገር ላይ ቆመ። ጎንበስ ብለው አዩ። የምትጠቅሰዋ ዓይን ታያቸዋለች።

«ይህቺን አውቃታለሁ» አሉ።

ፀጉር ቆራጩ ሳጥኔን ከአበባው ጀርባ ገፍትሮ አወጣው።

«ሳጥኔ!»

«አቤት እማማ።»

«ይህቺ የኔ ናት።»

«አዎ እማማ።»

«የራስጌዬ ናት።»

«ነበረች፣ እማማ።»

«ታዲያ አሁን የተቀመጥኩት ምን ላይ ነው?»

ሳጥኔ ዋሽቶ አያውቅም፤ የሚዋሽለት ደንበኛም ኖሮት አያውቅም። «ሳጥንዎ ላይ ነው፣ እማማ» አለ።

ባለ ማረፊያዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። በረንዳ ላይ አንድ ሰው ብርጭቆ ጣለ። እማማ ስንብት ግን አልጮሁም። ጀርባቸውን ወደ መደገፊያው ቀስ ብለው ሰጡት። ግራ ክርናቸውን አሳረፉ። አንድ እግራቸውን በሌላው ላይ ጣሉት፤ ይህን ካደረጉ ስንት ዘመናቸው።

«ገባሁበት ማለት ነዋ» አሉ ለራሳቸው።

«በከፊል፣ እማማ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ አጥቼ የፈራሁት ይሄንን ነው?»

እጃቸውን በለሰለሰው ጠርዝ ላይ አሳለፉ።

«ደልቀቅ ያለ ነገር ነው እኮ!» አሉ እማማ ስንብት። «ወደ ኋላስ ይላል?»

ሳጥኔ ተንደርድሮ ዘንጉን ወደ ቀጣዩ ጥርስ አሳለፈው። እማማ ዘንበል አሉ፤ ሰማዩን አዩ። «ትንሽ ጨምር» አሉ። ጨመረ። «እንደሱ! አሁን ሻይ አምጡልኝ።» ሻዩ መጣ፤ ሰፊው ክንድ ማሳረፊያ ላይ፣ ከምትጠቅሰዋ ዓይን አጠገብ ተቀመጠ። ጥላው ሲያገኛቸው ደግሞ ወደ ፀሐይዋ ውሰዱኝ አሉ። ሳጥኔ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ዘበኛውና ሌሎች ሦስት እንግዶች ተረባርበው ከነወንበሩ አነሷቸው።

«እጀታ ቢኖረው ጥሩ ነበር» አለ ሳጥኔ በዝግታ።

ባለ ማረፊያዋ አየችው።

ያን ቀን ሌላ ሰው አልተቀመጠበትም፤ ተራ የደረሰው አልነበረምና። መጀመሪያ ደፍሮ የመጣው «ልጆች አሉኝ» ያለው ሰውዬ ነው። «እማማ፣ እኔም ትንሽ ልሞክረው» ቢላቸው፣ «በቁሜ ልትወርሰኝ ነው?» ብለው በከዘራ መለሱት። ከኋላው የተሰለፉትም ተበተኑ።

ቀኑ ሲመሽ የእህታቸው ልጅ ጠጋ አለች። «አክስቴ፣ ዛሬ አልተሰናበቱንም።»

«ቆይ እስቲ፣ ሻዬን ልጨርስ» አሉ። ሻያቸውን ጨርሰው፣ ክንድ ማሳረፊያውን ተደግፈው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ብድግ አሉና ስንብቱን ረስተው ሊተኙ ገቡ።

ሳጥኔ የግቢውን ወንበር ሁሉ ሠራ። እንግዶቹ ተቀመጡባቸው፣ ተኙባቸው፣ አንኮራፉባቸው። ባለ ማረፊያዋ ደስ አላት። ሆኖም ማንም ወደ ሱቁ አልመጣም። እንግዳ እንግዳ ነው፤ ያርፋል፣ ይሄዳል። ሳጥኔ በጣውላው ግድግዳ በኩል የፀጉር ቆራጩን ስድብ እያዳመጠ መላጊያውን ይገፋ ነበር። ለእማማ ስንብት ቃል የገባውን አዲስ ሳጥን እየሠራ ነው።

አንድ ጠዋት በሩ በከዘራ ተመታ። ተመልሶም ተመታ። ሳጥኔ ቀና ሲል እማማ ስንብት ራሳቸው፣ በእግራቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ቆመዋል።

«አንተ!» አሉ። «ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

መላጊያው ከሳጥኔ እጅ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ምን… ምን አሉኝ እማማ?»

«ሦስተኛው ጥርስ ሲጥ ይላል! ዘንበል ባልኩ ቁጥር ሲጥ! እንቅልፌን ነሣኝ! ደግሞ እዚህ ጋ» አሉ ዞረው ወገባቸውን እያሳዩ፣ «አንድ ብሎን ብቅ ብሎ ይወጋኛል። አናጢ ነኝ ትላለህ? እንዲህ አድርጎ ሠርቶ ዝም! ሰው ምን ይለኛል አይባልም?»

ሳጥኔ አንጀቱ ራሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። በጣውላው ግድግዳ ላይ በሁለት እጁ ደበደበ።

«ጎረቤት! ጎረቤት፣ ትሰማለህ?»

«እየሰማሁ ነው!» አለ ፀጉር ቆራጩ ከወዲያ። «እንኳን ደስ ያለህ! ዝም በላቸው፣ ይጨርሱ!»

ሚስቱም የስፌት መኪናዋን አቁማ በፈገግታ ታያለች። እማማ ስንብት ጎኑን፣ ጥርሱን፣ ብሎኑን፣ ከዚያም የሳጥኔን አባትና የአባቱን መጋዝ አዳርሰው ሲጨርሱ ትንፋሽ ሰበሰቡ። የሳጥኔ መሳሪያዎች በሙሉ እዚያው ነበሩ፤ መፍቻውን ይዞ አብሯቸው ቢሄድ ብሎኗ ወዲያው ትገባለች። ግን ይህቺን ዕድል እንዴት ያሳልፋት? እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። ደረቱን ነፋ። በዕድሜው ሙሉ ሲመኘው የኖረውን ቃል አፉን ሞልቶ ተናገረው።

«ነገ ይመለሱ፣ እማማ።»

«ነገ?» አሉ እማማ ስንብት፣ ከዘራቸውን አፍንጫው ሥር ቀስረው። «ነገማ እመጣለሁ! የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?»